አርባ ከብት፣ ዜሮ መዥገር

ማክሰኞ
ዜሮ! ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ከጎረቤላ ከተማ ቁልቁል ወደ ቆላው ወርደን የአርባ ከብት ጆሮ ውስጥ፣ ጡት ሥር፣ ጭራ ሥር ፈተሽን፤ አንድ መዥገር የለም። ክረምት ገና መውጣቱ ነው፤ አሁን ከሌለ መቼ ሊኖር? የናሙና ጠርሙሶቼ ባዷቸውን ደብረ ብርሃን ተመለሱ። ቅጹ ላይ «የበሽታ ስጋት የለም» ብዬ ሞላሁ። የእንስሳት ሐኪም ነኝ እንጂ ጠንቋይ አይደለሁ፤ ምን ልጻፍ?

ረቡዕ
ነገሩ አልዋጥልኝ ቢል ተመልሼ ወረድኩ። የበረቱን ባለቤት እትዬ የሺን፣ መዥገሩ የት ገባ አልኳቸው። ሳቁብኝ።
«ባለፈው ሳምንት ‹ከብቶቹን አዘጋጁልኝ› አላልሽም እንዴ፣ ልጄ? እንግዳ ሲመጣ በረት ሙሉ መዥገር ይዘን እንጠብቅሽ? ሴቱ ሁሉ ሲለቅም ነው የሰነበተ።»
ክው አልኩ። እኔ ለግጦሽ እንዳይሰማሩ ማለቴ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ!
በምን ለቀማችሁ? በጣት። ከዚያስ? በጥፍር ጨፍልቆ እሳት ውስጥ።
ይህን ሲነግሩኝ ይንቀጠቀጣሉ፤ በዚያ ፀሐይ ጋቢ ደርበዋል። ግንባራቸውን ብነካው እሳት። ክንዳቸው ላይ መሐሉ የጠቆረ ቁስል አለ። «አንዷ ነክሳኝ ነው» አሉ፣ እንደ ቀላል ነገር። መኪና ውስጥ አስገብቼ ጤና ጣቢያ አደረስኳቸው።

ሐሙስ
ወባ አይደለም። ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ፣ የመዥገር ትኩሳት ሳይሆን አይቀርም አለ። አስተኝተው መድኃኒት ጀመሩላቸው። እኔ ቤት ለቤት ዞርኩ።
በእጃቸው የለቀሙ፦ አሥራ አንድ ሴቶች።
ትኩሳት የያዛቸው፦ ከእትዬ የሺ ሌላ ሁለት። ጤና ጣቢያ ልኬያቸዋለሁ።
ጓንት ያደረገ፦ እኔ ብቻ፣ ያውም መዥገር የሌለበትን ከብት ስፈትሽ። አፈርኩ።

ዓርብ
የእትዬ የሺ ትኩሳት አልበረደም። እህል አልቀምስ ብለዋል። ሰው ልገድል ነው? ለአለቃዬ ደውዬ የማክሰኞው ውጤት ይሰረዝ አልኩት። «ዜሮ ካገኘሽ ዜሮ ነው» አለኝ። ጮኽኩበት። እኔ፣ አለቃዬ ላይ! ተሰረዘ።

ቅዳሜ
እትዬ የሺ ተቀምጠው አጥሚት ሲጠጡ አገኘኋቸው። ትኩሳቱ ለቋቸዋል። እንባዬ መጣ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው።
«ተይው። ሌላ ጊዜ ግን ሳትነግሪን ነይ።»
እሺ አልኩ። የሁለቱ ሴቶች ትኩሳት እስካሁን አልወረደም።