ለራሴ የሚሆን ሄልሜት

ሰኞ

ሄልሜቱ ዓይኔ ላይ ወረደ። ሞተሩ ቁልቁለት ላይ ጉድጓድ ገባ፣ ከዚያ በኋላ ያየሁት ጥቁር ስፖንጅ ብቻ ነው። ከነሞተሩ ቦይ ውስጥ ወደቅኩ። ጉልበቴ ተላጠ። የክትባቱ ሳጥን ግን ተረፈ፤ እያነከስኩም ቢሆን ከብቶቹን ከተብኩ።

ቢሮ ስመለስ የንብረት ክፍሉን ጋሽ ታደሰን ሌላ ሄልሜት ጠየቅኳቸው። «ሻሽ ጠምጥመሽ አጥልቂው። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው» አሉኝ። ጫማ ሲገዙ ሱቅ ለሱቅ ሲዞሩ የሚውሉ ሰው ናቸው። ለእግር ቁጥር አለው፣ ለራስ የለውም። ራሴ እገዛለሁ።

ማክሰኞ

የሞተር ዕቃ ከሚሸጠው ሰይድ ሱቅ ሄድኩ። ቀና ብሎ ራሴን እንኳ ሳያይ ንስር የተሳለበት ቀይ ሄልሜት አወረደልኝ።

«ወላሂ ላንቺ የተሠራ ነው።»

ግንባሬን እንደ ጉጠት ያዘኝ። አመመኝ ስለው «አብሽሪ፣ ይለጠጣል» አለ። ፕላስቲኩ ይለጠጣል እንግዲህ።

ሁለተኛው የእሳት ነበልባል አለበት። ራሴን ሳዞር እሱ ባለበት ቀረ። የሦስተኛው ማሰሪያ አይቆለፍም። «ማን ያስረዋል ብለሽ ነው?» አለኝ። እዚህ ላይ እውነቱን ነው። የመካነ ሰላም ወንዶች ሄልሜታቸውን ክርናቸው ላይ አንጠልጥለው ነው የሚነዱት። ጭንቅላታቸው የት እንዳለ እነሱ ያውቃሉ።

ባዶ እጄን ወጣሁ።

ረቡዕ

መስክ አልወጣሁም። ቆላው ቀበሌ ላይ አባ ጎርባ የሚሉት የከብት በሽታ ገብቶ ሁለት ወይፈን ገድሏል፣ ሰዎቹ ክትባት እየጠበቁ ነው። ኃላፊው ለምን እንደቀረሁ ጠየቀኝ። ነገርኩት። «ለሄልሜት ብለሽ?» አለ። እሱ ከወንበሩ ላይ ወድቆ አያውቅም።

ሐሙስ

ሰይድ አልነበረም። ሚስቱ ፋጡማ ነበረች ሱቁን የምትጠብቀው። ከሄልሜቶቹ በፊት ራሴን አየች።

«ሹሩባሽን ፍቺው።»

«ምን አገናኘው?»

«ሄልሜቱ የሚቀመጠው ሹሩባው ላይ ነዋ። ራስሽ ላይ መች ደረሰ።»

ሳምንቱን ሙሉ ሰውን ስንቅ የከረምኩት እኔ ይሄን አላሰብኩትም። ማፈሬን አልነገርኳትም። እዚያው ተቀምጠን ፈታነው።

ከላይኛው መደርደሪያ አቧራ የጠጣ ጥቁር ሄልሜት አወረደች። ሥዕል ስለሌለው የሚያነሳው የለም አለች። ጉንጬን ጫን አድርጎ ያዘ፣ ግንባሬን ግን አልቆነጠጠም። ማሰሪያውን ቆለፈችና ከኋላ ይዛ ወደ ፊት ገፋችው፤ አልወለቀም። ግራና ቀኝ ስታዞረው ቆዳዬ አብሮ ዞረ። ከዚያ አጥልቄው በርጩማ ላይ እንድቀመጥ አዘዘችኝ።

«አሁን ያላመመሽ ቆይቶ ሊያምሽ ይችላል።»

ገበያተኛው እያየኝ ሳቀ። እኔም በሄልሜቱ መስታወት ውስጥ አንድ በአንድ አየኋቸው። ሩብ ሰዓት ቆየሁ፣ አላመመኝም። ይሄን ሁሉ ከየት እንዳወቀች ስጠይቃት «ወንድሜ ሞተር ይነዳ ነበር» አለችና አቧራውን መጥረግ ጀመረች።

ዓርብ

ቆላ ወርጄ ሁሉንም ከተብኩ። አንድም አልቀረ። ስመለስ ዝናብ ያዘኝ። ኮረብታው ወገብ ላይ የኋላው ጎማ ጭቃ ላይ ተንሸራተተ፣ ወደ ኋላ ተወረወርኩ። ራሴ ድንጋይ ሲመታ ድምፁን ሰማሁ።

ተነስቼ ተቀመጥኩ። እንዳልረሳሁት ለማየት ስሜን ጮክ ብዬ ጠራሁ፣ የእናቴንም ስም። ሄልሜቱ ከቦታው አልተነቃነቀም። ማሰሪያውን ለመክፈት ብዙ ታገልኩ።

ቅዳሜ

ሄልሜቱ ከኋላው ተሰንጥቋል። ወደ ሱቁ ወሰድኩት። ሰይድ አገላብጦ አየውና «ስንጥቋ ትንሽ ናት፣ ቀለም ትቀቢያታለሽ» አለ። ይሄ ሰውዬ ራስ የሚባለውን ነገር ለምን እንደተሸከመው አላውቅም።

ፋጡማ ከእጁ ወሰደችው። ከተመታ ወዲያ አይደረግም፣ እንዲህ ያለ ሌላ ደግሞ የለንም፣ ከደሴ ይመጣ እንደሆነ እንጃ አለች። ስንጥቁን በጣቷ ዳሰሰችው። ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ደህና ነሽ» አለችኝ በመጨረሻ።

ጥያቄ አልመሰለኝም።