ጃርቱ ሱቄን ከመረከቡ በፊት

ይድረስ ለክብርት የሰፈራችን ማነቃቂያ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ቫይትቬት፣ ኦስሎ

ክብርት ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ከበረዶው ጋር እንዴት ነው? አላህ ሙሉ ጤና ይስጥልኝ። እኛ ነዋሪዎቹ ኮሚቴዎ ሊያነቃቃን ከተነሣ ወዲህ እንቅልፍ አጣን እንጂ ደኅና ነን።

ይህን በአማርኛ የጻፍኩት ኖርስኩ፣ የአገራችሁ ቋንቋ፣ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬበታለሁ። በእናንተ ቋንቋ ሚኒስትሩም ጎረቤቱም «አንተ» ስለሚባል፣ ለእርስዎ የሚገባው አንቱታ እንዳይጎድል ብዬ ነው። ልጄ ኑሃ ዩኒቨርሲቲ ስለምትማር ትተረጉምልዎታለች፤ ለማለዘብ ብላ የምትዘለው ነገር ካለ ግን እኔ የለሁበትም።

ምናልባት ከረሱኝ፣ መሱዳ ነኝ፤ ከሜትሮ ባቡሩ ጣቢያ ጀርባ ባለችው አሮጌ የገበያ አዳራሽ፣ ከአሥራ ሁለቱ ሱቆች ሰባቱ ሲዘጉ መብራቷን ያላጠፋችው ልብስ ሰፊ።

ከሁሉ አስቀድሜ ባለፈው ጥቅምት ሰፈሩን ጠርተው ያን የጃፓን ካርቱን ስላሳዩን አመሰግናለሁ። ሰው ጥሏት የሄደባትን አንዲት የገጠር ከተማ አምስት ልጃገረዶች እየወደቁና እየተነሡ ሲያቀኗት አይተን ስቀናል። እኔ እንዲያውም ባዶዎቹን ሱቆቻችንን አስቤ አልቅሻለሁ። ፊልሙ ሲያልቅ እርስዎ ተነሥተው እኛም እንደ እነሱ እናደርጋለን አሉ። እነሱ ለከተማቸው ምልክት ሰው ውስጡ ገብቶ የሚለብሰው የጨርቅ እንቁራሪት ነበራቸውና የእኛ ደግሞ ጃርት ሆነ። ለምን ጃርት እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ ኮሚቴ ያመጣውን ማን ይመልሳል።

አሁን ምስጋናዎቼን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ የጃርቱ ማረፊያ እንዲሆን የእኔን ሱቅ ስለመረጡ አመሰግናለሁ። ሰባት ባዶ ሱቅ እያለ መብራት ያለበትን መውሰድዎ፣ ጃርቱ ጨለማ እንዳይፈራ አስበው መሆኑ ገብቶኛል።

ሁለተኛ፤ በስብሰባው መሐል፣ በሰው ፊት፣ ቦታሽን ብንወስደው ቅር ይልሻል ወይ ብለው ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። እኔም ወሎ ያደግሁ ሰው ነኝና፣ ብላ ሲባል መጀመሪያ ጠግቤያለሁ እንደሚል እንግዳ፣ «ኔይ፣ ኧረ አይ፣ ምን ቸገረኝ፣ ለሰፈሩ ከሆነ ውሰዱት» አልኩ። በእኛ ዘንድ ይህ መልስ ሳይሆን የጨዋ ሰው መግቢያ ነው። ከዚያ እርስዎ «ኧረ እንዴት ተደርጎ» ይሉኛል፤ እኔ ግድ የለም እላለሁ፤ ሦስተኛ ሲጠይቁኝ አንገቴን ደፍቼ ከዚህች ሱቅ ሌላ መተዳደሪያ እንደሌለኝ እነግርዎታለሁ። እርስዎ ግን «ታክ» ብለው አመስግነው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ። በቃለ ጉባኤው ላይ ተከራይዋ በደስታ ለቀቀች ተብሎ ተጽፎ አነበብኩ፤ መደሰቴን ያወቅሁትም ያኔ ነው። በዚህ ወር መጨረሻ እወጣለሁ።

ሦስተኛውን በይሉኝታ ትቼዋለሁ። ደግመው ቢጠይቁኝ እነግርዎታለሁ።

አራተኛ፤ የጃርቱን ልብስ እንድሰፋ ሥራውን ለእኔው ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። አራት መቶ የጨርቅ እሾህ አንድ በአንድ በእጄ ሰፍቻለሁ። ከሱቋ የሚያስወጣትን እንግዳ ራሷ አልብሳ የምትቀበል ሴት፣ መቼም ከእኔ በፊት አልነበረችም።

ክብርት ሆይ፣ ኑሃ ካርቱኑን ሰሞኑን እንደገና አሳየችኝ። የእንጨት ጫማ የሚሠሩት ሽማግሌ ትዝ ይሉዎታል? ልጅቱ ሱቅዎን ይክፈቱልን ስትላቸው፣ አይ፣ እኔ አርጅቻለሁ አሏት። እሷ አመስግና አልሄደችም፤ በርጩማ ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። በማግስቱም መጣች። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው መዝጊያውን አነሡ፤ ከተማዋም ሰው ማየት የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው፣ እንቁራሪቱ እንኳ ገና አልተሰፋም ነበር። እርስዎ ያን ጊዜ ከቡናው ጋር የቀረበውን የቫፈል ቂጣ ሊያነሡ ወጥተው ይሆናል።

ቀልዱን ትቼ እውነቱን ልንገርዎ፤ ፈርቻለሁ። ኑሃ ትምህርቷን ለመጨረስ ገና ዓመት ይቀራታል፤ እኔን በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ማን ይቀጥረኛል? ስለዚህ የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። ከሦስቱ ጥያቄ ሁለቱ ይቀሩኛል። ሱቄ ውስጥ ወንበር አለ፤ ይምጡ፣ ስበው ይቀመጡና ይጠይቁኝ።

ኮሚቴዎን ከክፉ ዓይን፣ ቃለ ጉባኤዎን ከእሳት ይጠብቅልኝ እያልኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣

በደስታ የለቀቀችው አክባሪዎ
መሱዳ፣ ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ የጃርቱ ገላ አልቋል፤ ጭንቅላቱ ግን ገና አልተገጠመም፣ እኔው ዘንድ ነው። ጸሐፊዎ ትናንት ብቅ ብለው፣ ምርቃቱ ቅዳሜ ስለሆነና ጭንቅላት የሌለው ጃርት ሕፃናቱን ስለሚያስለቅስ፣ እስከ ዓርብ ትጨርሺልናለሽ ወይ አሉኝ። ኔይ አልኳቸው። ይህኛው በእናንተ አገር ደንብ ነው፤ ደግሞ መጠየቅ አያስፈልግም።