ለሃሚንግበርዷ የተበጠበጠ ማር

ቅዳሜ፣ ጥር 9

ተመስገን፣ ዛሬ አባባ ሳቁ። የባለቤቴ አባት ናቸው፤ ከአገር ቤት አሜሪካ፣ ቡሪየን ከተማ እኛ ቤት ከመጡ ወዲህ ምግብ የሚቀምሱት በልመና ነው። ደስ የምትላቸው በረንዳው ላይ ከሰቀልኩት ጠርሙስ የስኳር ውኃ የምትጠጣው ሃሚንግበርድ የምትባል ወፍ ብቻ ነበረች። አውራ ጣት ብታክል ነው። መጀመሪያ "የአገራችን ወፍ ናት" አሉ። ሲያስተውሏት ሰንብተው ግን፣ "አይደለችም። የእኛዋ አበባው ላይ አርፋ ነው የምትመጥጠው። ይቺ አየር ላይ ቆማ፣ እንደ ንብ ጥዝ እያለች ትጠጣለች" አሉኝ።

ዛሬ ከሥራ መጥቼ ፓርክ ሳደርግ ጎረቤታችን "ኖ ሃኒ!" እያለች ወደ በረንዳችን ትጠቁማለች። ለካ አባባ "ይቺ እንግዳ ብርዱ ሲጠና መሄዷ አይቀርም፤ እንዴት እንግዳ በስኳር ውኃ ይሸኛል?" ብለው፣ ራሳቸው እንኳ ያልቀመሱትን የአገር ቤት ማር በጥብጠው ሞልተውላታል። የተበጠበጠ ማር ቶሎ ይቦካል፣ የወፏንም ምላስ ያሻግታል አለች ሴትዮዋ። ይከፋቸው ይሆን ብዬ እየፈራሁ ነገርኳቸው።

"ልገድላት ነበር!" ብለው ጠርሙሱን በጥድፊያ አወረዱ። "ለመሆኑ በዚህ ብርድ ወዴት ትሰደዳለች? ጠይቂልኝ።"

የትም አትሄድም አለች ጎረቤታችን። ሌሊት ገላዋን አቀዝቅዛ እንደ ሞተች ሆና ታድራለች፣ ሲነጋ ትነቃለች።

ይኼን ጊዜ ነው የሳቁት። "የቤቱ ባለቤት እሷ ከሆነች እንግዳው እኔ ነኛ! በይ፣ ማሩን ለእንግዳው አቅርቢ።"

ዳቦ ላይ ቀብቼ ሰጠኋቸው። ሳልለምናቸው ጨርሰው፣ "ጨምሪልኝ" አሉኝ።