ቀይ አፈሩ ዳገት ላይ አትግፉኝ

ኅዳር 18፣ ማክሰኞ፣ ከሥራ መልስ

ዛሬም ገፉኝ። ስማኝ ማስታወሻዬ፣ ዛሬም ከኋላ መጥተው ገፉኝ! ቀይ አፈሩን ዳገት እያጋመስኩ ሁለት ጎረምሶች ከአውድማ ሮጠው መጡና፣ ሳልጠራቸው የብስክሌቴን ወንበር ይዘው ሽቅብ። አይዞሽ ቲቸር፣ አይዞሽ! አንዲት ባልቴት ደግሞ ከአጥር ሥር ቆመው እግዜር ይማርሽ አሉኝ። አልታመምኩም እኮ። ሥራ እየሄድኩ ነው። 7ኛ ክፍል፣ ሒሳብ።

ብስክሌቴ ተንጋለው የሚነዷት ዓይነት ናት። ወንድሜ ደሳለኝ ደ/ታቦር በያጅ ነው፤ ስልክ ላይ ፎቶ አሳየሁት፣ አሮጌ ብስክሌቶች ቆራርጦ ሠራልኝ። መደገፊያ ያለው ወንበር፣ ፔዳሉ ከፊት። እግሬን ወደፊት ዘርግቼ፣ ጀርባዬን ጥዬ። አውቶቡስ ከተገለበጠብን ወዲህ ወገቤ ተራ ኮርቻ አይችልም። ዳገቱን በእግሬ ልውጣው ስል ቀኝ እግሬ ይደነዝዛል። ተንጋልዬ ስነዳ ግን ምንም አይለኝ። ምንም! ይህን በየአጥሩ ሥር እየቆምኩ ላስረዳ?

ስም አውጥተውላታል። ቃሬዛ።

ኅዳር 20፣ ሐሙስ

ር/መምህሩ አቶ ይርጋ ቢሮ ጠራኝ። (ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ አልልም።) ለአንቺው ብዬ ነው፣ አለ። ሴት ልጅ እግሯን ወደፊት ዘርግታ በአደባባይ ስትሄድ ወላጆች ያማሉ አለ። የትኞቹ ወላጆች? በጥቅሉ። ከቀሚሴ ሥር ሱሪ እንደምለብስ ነገርኩት። ጣሪያ ጣሪያ አየ።

ቀጠለ። ከተማው ውስጥ ያለው ት/ቤት ለቤተ መጻሕፍቱ ሰው ይፈልጋል፤ ዳገት የለው፣ ድካም የለው፤ ለወገብሽም ይሻላል። የወገቤ ሐኪም ሆነ በቃ! ልጆቹስ? ሰው እንፈልጋለን አለ። ሰው የለም። ዓምና ግማሹን ዓመት ያለ ሒሳብ መምህር ነው የከረሙት፤ እሱም ያውቀዋል።

የዝውውሩን ወረቀት አልፈርምም ብዬ ወጣሁ። ክፍሌ ገብቼ ክፍልፋይ አስተማርኩ።

ኅዳር 22፣ ቅዳሜ

እማም ሰምታለች። መካነ ኢየሱስ ገበያ ላይ ሴቶች ነግረዋት። ቤት ስገባ አለቀሰች። ሰው አልጋው ላይ ይንጋለላል እንጂ መንገድ ላይ? ጠበል እንሂድ ትላለች። ጠበል አልጠላም። ግን ለምን ልጠመቅ? ብስክሌት ስለነዳሁ?

ጮኽኩባት። ጸጸተኝ። አሁንም ግን ንድድ እንዳልኩ ነኝ።

ኅዳር 25፣ ማክሰኞ

ወደቅኩ። አይደለም። ተጣልኩ።

አያ ሙጨ አህዮቹን ጭኖ ሲወርድ አገኘኝ። ጥሩ ሰው ነው፤ ልጁ እኔ ክፍል ነው። በዝግታ፣ በጭንቅ እየወጣሁ ነበር። ሸክም የሚያቃና መስሎት ወንበሬን በአንድ ጎን ገፋ። በቃ፤ ቦይ ውስጥ። ክርኔ ተላጠ፣ ካቴናው ወለቀ። እሱ ደግሞ ደንግጦ፣ ኧረ እኔ ልረዳ ብዬ፣ ኧረ እኔ ልረዳ ብዬ!

ደም በደም ሆኜ ት/ቤት ደረስኩ። አቶ ይርጋ በረንዳው ላይ። አላልኩሽም? አለ። ይህችን ለመናገር ሲጠባበቅ የከረመ ነው የሚመስለው። የወላጆች ኮሚቴ በሚመጣው ሳምንት ዓርብ ስለ እኔ ይነጋገራል፤ አልቀርም ብዬዋለሁ።

ለደሳለኝ ደወልኩ። ምን ቢል ጥሩ ነው? አምጫት፣ ፈትቼ እንደ ሰው ብስክሌት ላድርጋት! እንደ ሰው! የገዛ ወንድሜ። ስልኩን ዘጋሁበት። መልሶ ደወለ። ይቅርታ አለ፤ ከዚያ ብስክሌቷ ዳገቱ ላይ በትክክል ምን እንደምትሆን ጠየቀኝ።

እስከ ዛሬ ይህን የጠየቀኝ የለም። ነገርኩት። መሪው ይዋልላል። ጉልበቴን ያመኛል። ኃይሌ የት እንደሚገባ አላውቅም።

ኅዳር 29፣ ቅዳሜ

ደሳለኝ መፍቻውን ይዞ ከደ/ታቦር መጣ። ቀኑን ሙሉ ስንጨቃጨቅ ዋልን። ደስ የሚል ጭቅጭቅ።

ጥፋቱ የኔም የእሱም ነው። መደገፊያው ከመጠን በላይ ወደኋላ ተኝቷል፤ ክብደቴ ሁሉ ከኋላ፣ የፊት ጎማው ባዶ፤ ዳገት ላይ ቢዋልል ምን ይገርማል? ትንሽ ቀና አደረገው። ወንበሩ ለፔዳሉ ቀርቧል፤ ጉልበቴ እንደታጠፈ ይቀራል። ወደኋላ ሳበው። አሁን እግሬ ይዘረጋል፣ ጥቂት ዕጥፋት ብቻ ይቀረዋል።

የቀረው የኔ ነው። በተራ ብስክሌት ዳገት ሲብስ ተነሥተህ ፔዳሉ ላይ ትቆማለህ፤ ክብደትህ ይረዳሃል። እዚህ መቆም የለም። ጀርባ ከወንበሩ ጋር ተጣብቆ እግር ብቻ ነው የሚሠራው። እኔ ደግሞ በእልህ በከባድ ማርሽ ስታገል ከረምኩ። ቀላል ማርሽ፣ ፈጠን ያለ እግር፣ ለቀቅ ያለ እጅ። ዓይን ሩቅ። ደሳለኝ ከኋላ ጎማው ላይ ካቴናው የሚዞርበት ትልቅ ጥርስ ጨምሮልኛል፤ ፔዳሉ አሁን እንደ ቅቤ ነው።

ከቤታችን ጀርባ ያለችው ዳገት ላይ ሞከርኩ። ወደቅኩ። ተነሣሁ። ጎረቤታችን ከአጥሯ በላይ አንገቷን አስግጋ ሳቀች። ሳቂ!

ታኅሣሥ 2፣ ማክሰኞ

ወጣኋት።

ቀዝቃዛ ጠዋት፣ መንገዱ ላይ ገለባ። በቀላሉ ማርሽ ጀመርኩ። ትከሻዬን ከወንበሩ አጣበቅኩ። ቀስ። እግሬ ይዞራል፣ ቀይ አፈሩ ከሥሬ ይሸሻል። መታጠፊያው ላይ አያ ሙጨ ከነአህዮቹ! በትሩን ጥሎ ወደኔ ሊሮጥ ሲል ጮኽኩ።

«አይንኩኝ!»

«ኧረ ምን በደልኩሽ እህቴ?»

«ምንም! ከነኩኝ እወድቃለሁ። መንገድ ብቻ ይልቀቁልኝ አያ ሙጨ!»

ቆመ። ከዚያ አህዮቹን እየተሳደበ ወደ ጠርዙ ነዳልኝ። አለፍኩ። ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ መሪው ግን ቀጥ ብሏል። ጫፍ ደርሼ ፍሬን ያዝኩ።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ይበልጥ ተናደድኩ። ያን ያህል ወሬ፣ ያን ያህል እዘኑላት፤ ለካ ነገሩ አንድ መደገፊያ ቀና ማድረግ ነው!

ታኅሣሥ 5፣ ዓርብ

ስብሰባው። አቶ ይርጋ ረጅም ንግግር አደረገ። ርኅራኄ፣ ሥነ ሥርዓት፣ የመምህር ክብር። ክርኔን እያሳየ! የኔን ክርን!

ሰብሳቢው መሪጌታ ልሳነወርቅ ናቸው። ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ፣ ረጋ ያሉ። እስኪጨርስ ታገሡትና፣ «እሷ ራሷስ ምን ትላለች?» አሉ።

ያሰብኩት ሁሉ ጠፋኝ። በእግሬ ዳገቱን ስወጣ እግሬ እንደሚደነዝዝ፣ ተንጋልዬ ግን በጊዜ እንደምደርስ፣ ክፍሌን እንደማልለቅ ብቻ ተናገርኩ። አቶ ይርጋ መውደቄን አነሣ። ያኔ ከኋላ አያ ሙጨ ተነሣ። ጋቢውን አስተካከለ።

«እሷን የጣላት ብስክሌቷ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ማክሰኞ ለት ሳልነካት ስትወጣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ልጄ ሒሳብ ይማር፤ ሌላውን እኔ አላውቅም።»

ሰው ሳቀ፣ አጉረመረመ፣ ተስማማ። ክፍሉ የኔ ሆኖ ቀረ። ማልቀስ አማረኝ።

አቶ ይርጋ ግን ይሁን አለና ጨመረ። ብስክሌቷ ልጆቹ እንዳያዩዋት ግቢ አትግባ፤ ከአጥር ውጭ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ትቀመጥ። ሁሉም ወደ ቤቱ ቸኩሏል። መሪጌታም ለሰላም ሲባል እሺ በይ ልጄ አሉኝ።

እሺ አልኩ።

ታኅሣሥ 7፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ

ያቺ እሺ እንደ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቀርታለች። ምን ሰርቄ ነው የምደብቃት? የምትደበቅ ነገር የሚነዳ መምህር ለልጆች ምን ይነግራል?

ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታን ዛፉ ሥር ጠበቅኳቸው። መስቀል ተሳለምኩና ቃሌን ላነሣ ነው አልኳቸው፤ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት እኔው ልንገርዎት ብዬ ነው። ይርጋ ይቆጣል አሉ። ይቆጣ አልኩ። አቡነ ዘበሰማያት ደግመው አሰናበቱኝ። አይሆንም ግን አላሉም።

እማ እራት ላይ ምን ወሰንሽ አለችኝ። ነገርኳት። አላለቀሰችም። ሱሪሽ ታጥቧል ወይ? አለች።

ነገ በሰልፍ ሰዓት፣ ልጆቹ ሁሉ ቆመው እያዩ፣ በዋናው በር እየነዳሁ እገባለሁ። አቶ ይርጋ በሩ ላይ ቢቆምም አልወርድም። የብስክሌቴን ደወል እደውላለሁ፣ መንገድ እስኪለቅልኝም አላቆምም።