የፊቱ ጎማ እና የአባዬ ዓይን

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

መሪውን ወደ ግራ አዙሬዋለሁ፤ ባጃጁ ግን ቀጥ ብሎ ሄዶ ቦይ ውስጥ ገባ። ትናንት ነው። ያውም ከጸሎት ቤት ስንመለስ፣ አባዬን ከኋላ ጭኜ፣ ምእመኑ ሁሉ በመንገዱ ዳርና ዳር እየሄደ። ማንም አልተጎዳም። አራት ሰው ገፍቶ አወጣን። የአባዬ ባርኔጣ ጭቃ ውስጥ ወድቆ ነበር፤ አንስቼ ጠረግሁለት። ተቀብሎኝ አደረገው እንጂ አንድም ቃል አልተናገረም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቦታዋ ያቺው ኩርባ ናት። ወደ እኛ ሰፈር፣ ወደ ዳሞታ ተራራ ግርጌ ሲወጣ ኮብልስቶኑ አልቆ ቀይ አፈሩ የሚጀምርባት። በበጋ ዓይኔን ጨፍኜ ብዞራት አልሳሳትም። በነሐሴ ግን ሳሙና ናት። በዚህ ክረምት ስታንሸራትተኝ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ሁለቱን አባዬ አያውቅም።

ዛሬ ቁርስ ላይ አፉን ከፈተ። "ሐሙስ ሆስፒታል የምሄደው በማቴዎስ ባጃጅ ነው። ነግሬዋለሁ" አለኝ።

ማቴዎስ ከእኔ ጋር አንድ ተራ ላይ ነው የሚሠራው። ቀስ ብሎ ስለሚነዳ አሮጊቶች ይወዱታል። መጥፎ ሰው አይደለም፤ ዛሬ ግን ጠላሁት።

ሐሙስ የአባዬ የቀኝ ዓይን ሞራ ይወጣል። ቀጠሮውን ስንጠብቅ ቆይተናል። ግራው ደግሞ ከቀኙ ብዙም አይሻልም፤ ሰው የሚለየው በድምፅ ነው። እና በዚያ ቀን፣ እኔ ባጃጅ ይዤ ቆሜ፣ አባቴ በሰው ባጃጅ ተሳፍሮ ተራችን ፊት ለፊት ሊያልፍ ነው። ሠላሳ ዓመት ጭነት መኪና የነዳ ሰው። መንዳት ያስተማረኝ ሰው። ከጽሕፈት ሥራዬ ወጥቼ ባጃጅ ልንዳ ስል ዘመድ ሁሉ ሲጮህ "ተዉአት፣ እጇ ጥሩ ነው" ያለ ሰው። 

እስከ ሐሙስ ሦስት ቀን አለኝ። ተጠርጣሪዎቹ፦

ጎማ።
ፍሬን።
እኔ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ጋሽ ዘርጋ ጋ ሄድኩ። መናኸሪያው አጠገብ ያለው ጎሚስታ ነው፤ አባቱም እዚያው ቦታ ላይ ጎማ ሲለጥፉ ነው ያረጁት ይባላል። ፍልሰታን ስለሚጾም እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ፊቱ አይፈታም። የፊቱን ጎማ በእጁ ዳሰሰና "ይቺ ጎማ አይደለችም፣ የኔ ራስ ናት" አለ። ጋሽ ዘርጋ መላጣ ነው።

እውነቱን ነው፤ ጥርስ የለውም። ግን እኮ ሆን ብዬ ነው ያደረግሁት! የአባዬ ሕግ ነው። ጥሩ ጎማ ምንጊዜም ከኋላ ይታሰራል፤ የሚገፋው እሱ ነው፤ ያለቀውን ወደ ፊት አምጥተሽ ጨርሺው። በሕይወቴ ከተማርኳቸው ነገሮች የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ተራችን ላይ ያለው ሁሉ እንደዚሁ ነው የሚያደርገው፤ ግማሹን ያስተማረው አባዬ ነው።

"ለጭነት መኪና ልክ ነው" አለ ጋሽ ዘርጋ። "እሱ ከፊት ሁለት እግር አለው፣ ሞተሩም ይጫነዋል። ባጃጅ ከፊት ያላት አንድ እግር ነው፤ እሱም ባዶ። ሦስት ሰው ከኋላ ስትጭኚ ፊቷ ይንሳፈፋል። በምንሽ ልትዞሪ ነው?"

ደግሞ ንፋሱ። እሾህ እንዳይወጋኝ እያልኩ ድንጋይ እስኪሆን አስሞላው ነበር። ድንጋይ በድንጋይ ላይ አይይዝም አለኝ። አሳፈረኝ፤ ልክ ስለሆነ።

ከኋላዎቹ አንዱን አውጥተን ወደ ፊት፣ መላጣውን ወደ ኋላ አዛወርን። ባዶዬን ወጣሁ። ኩርባዋ ላይ ታዘዘችኝ። ብቻዬን ስቄ ዘፈን ጀመርኩ።

ዘፈኑ ግማሽ ሰዓትም አልቆየም። ከገበያ ሁለት ሴቶችን ከነቦዬ ጆንያቸው ጫንኩ፤ ሥራ ሥር ደግሞ ከባድ ነው። ዳገቱ መሐል ላይ መላጣው ጎማ እዚያው በቆመበት መሽከርከር ያዘ። ጭቃውን ወደ ኋላ እየረጨ ይዘምራል፣ አይሄድም። ሴቶቹ ወርደው ገፉኝ። አንዷ ላቧን እየጠረገች "እኛ ባጃጅሽን ለማድረስ መጥተን ነው እንዴ?" አለችኝ። 

ስለዚህ የዛሬው ውጤት፦ መዞር ተገኘ፣ መውጣት ጠፋ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

ብዙ ነገር የሆነበት ቀን ነው፤ በተርታ ልጻፈው።

ጠዋት። ጥሩውን ጎማ ወደ ኋላ መልሰን ለፊት ሌላ ፈለግን። ጋሽ ዘርጋ በቢጠና ከተማ አካባቢ በእርሻ መንገድ ላይ የሚሠሩ ባጃጆች የሚወዱት ነው ብሎ ትልልቅ ጥርስ ያለው ጎማ ሞከረልኝ። ሲያዩት ያስፈራል። ይሄ ነው መድኃኒቴ ብዬ ተነሣሁ።

አስፋልት ላይ መሪው ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጥብኝ ጀመር። ይሁን ብዬ ቻልኩት። ኩርባዋ ላይ ስደርስ ግን ሲነክስ ለጉድ ነው። እንደ ልማዴ ትንሽ አብዝቼ አዞርኩ፤ ድሮ ጎማው ሲንሸራተት ከዙሩ የሚበላውን ስለማስብ። ይሄኛው ምንም አልበላም። ባጃጁ እንዳለ ተጠመዘዘና የግራው የኋላ ጎማ ከመሬት ተነሣ። ከኋላ የተሳፈረችው መምህርት ፀሐይ ነበረች፤ የእኛው ሰፈር ሰው ናት። ከአንዱ ጥግ ተንሸራታ ሌላው ጥግ ደረሰች። መጀመሪያ የክረምት ተማሪዎቿን ደብተሮች ሰበሰበች፣ ቀጥሎ መነጽሯን አስተካከለች፣ ከዚያ "እሁድ አልዞር አለሽ ሲሉ ሰምቼ ነበር። ዛሬ ደግሞ ካልገለበጥኳችሁ ማለትሽ ነው?" አለች።

የማይዝ ጎማ ቦይ ውስጥ ይከታል፣ ከልክ በላይ የሚይዝ ደግሞ ይገለብጣል። ይህን ለማወቅ ሰባት ዓመት ነዳሁ።

ከሰዓት። ጋሽ ዘርጋ ተናደደ፤ በእኔ ሳይሆን በጎማው። ገባና ከክምሩ ሥር አቧራ የጠጣ አንድ አዲስ ጎማ ይዞ ወጣ። ጥርስ የሚባል የለውም። ዙሪያውን የዞሩ ሦስት ጥልቅ መስመሮች ብቻ ናቸው ያሉት፣ ማረሻ እንደሄደባቸው።

"ይሄማ ያለቀ ነው" አልኩት።

"ሁሉም እንደዚያ እያለ ነው እዚህ ያረጀው። ጥርስ የሚያስፈልገው ለሚገፋ ነው። ይሄ አይገፋም፤ ይመራል። መስመሩ ጭቃውን ይቆርጥና ወደ ጎን አልሄድም ይላል። እሱ ብቻ ነው ሥራው።"

አሰርነው። ንፋሱንም ቀነስ አደረገልኝ። ዝናቡ እየወረደ ኩርባዋን ስምንት ጊዜ ወጣሁ ወረድኩ። ሱቅ በረንዳ ላይ የተጠለሉ ሰዎች ምን ነካት እያሉ ያዩኛል። ሰባቱ ንጹሕ። መሪው ቀላል፣ ሐሳቤን እየሰማ የሚሄድ። አንዴ ግን የስንዝር ያህል ሾለከብኝ፤ ምክንያቱን አወቅሁት። ኩርባው ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው ፍሬን የያዝኩት። ፍሬን ሳይዙ መግባት፣ ፍጥነቱን ከኩርባው ውጭ ቀንሶ ጨርሶ መምጣት ነው። ስለዚህ ከተጠርጣሪዎቹ ሦስተኛዋም ነጻ አልወጣችም።

ወደ ማታ፣ ራት ሳይቀርብ፣ ድፍረቴ ሳያልቅ አባዬን ለመንኩት። "ነገ በእኔ ሂድ። ኩርባው ላይ ካልወደድከው እዚያው ውረድ፣ ምንም አልልም" አልኩት። የባርኔጣውን ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ "እሄዳለሁ። ግን ማቴዎስ ባዶውን ከኋላ ይከተለን" አለ። አጃቢ ማለት ነው! እንደ ሚኒስትር። እየሳቅሁም እየተናደድኩም ተስማማሁ።

ልተኛ ስል ጠራኝ። "አዲስ ጎማ ገዝተሻል አሉኝ። ከኋላ ነው ያሰርሽው አይደል?"

"ከኋላ ነው" አልኩት።

አባቴን ዋሸሁት። የማያይ ዓይኑን ተማምኜ ነው የዋሸሁት። እውነቱን ብነግረው ነገ አይሳፈርም፤ ያን አውቃለሁ። ቢሆንም ደስ አላለኝም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ተሳክቷል! መጀመሪያ ይሄ ይጻፍ። ቀዶ ሕክምናውም ተሳክቷል፣ ኩርባውም።

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ካፊያ ነበር። ማቴዎስ ታጥቦ፣ ባጃጁንም አጥቦ መጣ። "ሳሮ፣ ጋሼ" ብሎ አባዬን ሰላም አለና ለእኔ በዓይኑ ይቅርታ ጠየቀኝ። አባዬ ሱፉን ለብሷል። ከኋላ መሐል ላይ ተቀመጠና በሁለት እጁ የፊቱን ብረት ያዘ። ማቴዎስ ባዶውን ተከተለን።

ቁልቁለት ነው፤ ከሽቅቡ ይከፋል። ከኩርባው በፊት ፍጥነቱን ጨረስኩ። ፍሬኑን ለቀቅሁ። አዞርኩ። የፊቱ ጎማ ጭቃውን ይዞ መስመር እያሰመረ ዞረ፤ ባጃጁም ተከተለው። በቃ፣ ይኸው ነው። ለመጻፍ እንኳ አይበቃም። 

 ኮብልስቶኑ ላይ ስንገባ አባዬን በመስታወት አየሁት። አንድ እጁን ከብረቱ ላይ አንሥቶ ወደ ውጭ አወጣና ወደ ኋላ አወናጨፈው፤ ሂድ፣ ተመለስ እንደማለት። ማቴዎስን ሊያየው አይችልም፤ ይኖራል ብሎ ነው። ማቴዎስ ክላክስ አሰማና ተመለሰ።

ተራችን ፊት ለፊት ሁለታችን ብቻ አለፍን። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሆስፒታል አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ስጠብቀው ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። ዛሬ ዓይኑ ታስሮ ቤት ያድራል፤ ነገ ጠዋት ተመልሰን ስንመጣ ፋሻው ይነሣል። ነገ ያያል። ባጃጁ ጋ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያየው ጎማ ነው፤ አውቀዋለሁ፣ የሰው ፊት ሳያይ ጎማ የሚያይ ሰው ነው። ዓይኑ በደንብ እንዲበራ እጸልያለሁ፣ ደግሞ ሲበራ ጉዴ ይወጣል።

ዛሬውኑ ጋሽ ዘርጋ ጋ ሄጄ የፊቱን ወደ ኋላ ባዞረውስ ብዬ አሰብኩ። እውነቴን ነው፣ አሰብኩ። ከዚያ ግን ያንን ኩርባ ነገ ዓይኑ የታሰረ አባቴን ጭኜ በመላጣ ጎማ ልዞረው ነው ማለት ነው። ተውኩት። ይቆጣኝ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9

ነርሷ ፋሻውን አነሣችለት። ዓይኑን ደጋግሞ ጨፍኖ ገለጠ። መስኮቱን አየ፣ የራሱን እጆች አገላብጦ አየ። ከዚያ እኔን። "ከስተሻል" አለኝ። "ሽበትም አለሽ። መቼ ነው?" አለ። አለቀስኩ። እሱም ሊያለቅስ ፈልጎ ዓይኔን እንዳይጎዳብኝ ብሎ ይመስለኛል የተወው።

ከዚያ ውጭ ወጣን። እንደጠረጠርኩት ነው፤ ቀጥታ ወደ ባጃጁ ሄደ። የፊቱ ጎማ ፊት ቆሞ በጣቱ መስመሩን ተከትሎ ዳሰሰው። እኔ የበደልኩትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። አላስጨረሰኝም።

"ትናንት ጠዋት አውቄዋለሁ" አለ። "ከቤት እንደወጣን። ጎማ ድምፅ አለው፤ አዲሱ ከፊት ነው የሚሰማው። ዓይኔ ነው እንጂ የታመመው ጆሮዬ አይደለም።"

"ታዲያ ለምን አልወረድክም?"

"የጎማውን ነገር አላመንኩበትም። አሁንም አልገባኝም። አንቺ ግን ካላመንሽበት እኔን እንደማትጭኚኝ አውቃለሁ።"

እጁን ይዤ አሳፈርኩት። ከተቀመጠ በኋላ "ሁለተኛ እንዳትዋሺኝ። እውነቱን ነግረሽኝ አልሳፈርም ብል ይሻልሽ ነበር" አለ። ይሻለኝ ነበር ወይ? አሁንም እያሰብኩበት ነው። አይሻለኝም ነበር መሰለኝ። ግን ልክ ነው።

ሽቅብ ስንወጣ ኩርባዋን አልፈን "ሎኦ" አለ፤ ጥሩ ነው ማለቱ ነው። አባዬ ወላይትኛውን የሚያመጣው ከልቡ ሲሆን ነው።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

ማቴዎስ ጠዋት ጋሽ ዘርጋ ጋ ቆሞ አገኘሁት። ባለመስመሩን ጎማ እየጠየቀ ነው። "ጋሼ ናቸው የላኩኝ" አለ። "ባጃጅ በፊት ጎማ ነው የምትኖረው፣ እኔ ሁልጊዜ የምለው ነው አሉኝ።" ጋሽ ዘርጋ አየኝ። ዝም አልኩ። ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው አንዱን የሰው ሐሳብ የራሱ ቢያደርገው ምን አለበት። ክምሩ ሥር አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ማቴዎስ ወሰደው።

ቤት ደርሼ ባጃጁን ደጅ አቆምኩ፤ እጄን ታጥቤ ስወጣ አባዬ እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ መነጽሩን አድርጎ፣ በአዲሱ ዓይኑ፣ የፊቱን ጎማ በአውራ ጣቱ ሲጫን ደረስኩ።

"ንፋሱ ጎድሏል። ጨምሪበት" አለ።

"ይበቃዋል አባዬ። ከዚህ ካለፈ አይይዝም።"

ጎማውን አየ፣ እኔን አየ። የግራው ዓይን ቀጠሮ ገና አልታወቀም። በማን ባጃጅ እንደሚሄድ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር፤ አልጠየቅሁም። እሱ ካጎነበሰበት ቀና ብሎ እጁን በሱሪው ላይ ጠረገና "አንቺ ነሽ የምትነጂው" ብሎኝ ወደ ቤት ገባ።