«ዓይኔ» ያልኩት ለብጉንጁ ነበር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4
ትናንት ግራ ዓይኔን ሲያርገበግበኝ እማዬ «የናፈቀሽ ሰው ሊመጣ ነው» ብላ ነበር። ጠዋት ስነሳ የመጣው ብጉንጅ ነው! የዓይኔ ቆብ ላይ፣ ሽምብራ የሚያክል። በዚህ ሳምንት?! እሁድ እኮ ከጌድዮን ጋር እንጦጦ ልንወጣ ነው። ሲግናል ሰፈር ባለው ቢሯችን ከጎኔ ተቀምጦ፣ ስምንት ወር ሙሉ ከ«እንዴት አደርሽ» ሌላ ቃል ያልወጣው ሰው፣ ባለፈው ዓርብ ድንገት «አብረን እንውጣ» አለኝ። እና በአንድ ዓይን ልውጣ?

ከሥራ ቀረሁ። የፋርማሲዋ ልጅ፦ «ንጹህ ጨርቅ በሙቅ ውሃ ነክረሽ ዐሥር ደቂቃ ያዥበት፣ በቀን አራቴ። እንዳታፈርጪው። ኩልም ተዪ።» ኩልም?... እማዬ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት ልጣ ቆማለች። «ነይ እሽት ላድርግልሽ።» መኝታ ቤት ገብቼ ቆለፍኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5
ጉድ ሆንኩ። ጉድ፣ ጉድ፣ ጉድ!

ጨርቁን ዓይኔ ላይ ይዤ ሳለ ጌድዮን «ምነው ጠፋሽ?» ብሎ ላከ። «ዓይኔ አብጦ ነው» ልል... «ዓይኔ» እንዳልኩ እርጥብ ጣቴ አዳልጦኝ መላኪያውን ነካ። ሄደ። ብቻውን። «ዓይኔ»! እማዬ ስታቆላምጠኝ እንደምትለው!

ላጥፋው ስል አየው። መጻፍ ጀመረ። ተወ። ደግሞ ጀመረ...

«ወዬ»

«አቤት» አይደለም። ወዬ! ክፍሉን ሦስቴ ዞርኩት። እማዬ ከውጭ፦ «ባሰብሽ እንዴ?» «ኧረ ተሻለኝ!»

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6
ጨርቅ አራቴ። አልነካካሁትም። እውነቱን ልንገረው? «ወዬ»ውን ቢወስድብኝስ?

እሁድ፣ ጥቅምት 9
ብጉንጁ ቀንሷል እንጂ አልጠፋም። ያለ ኩል፣ በጥቁር መነጽር ከጌድዮን ጋር ወጣሁ። ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ አወለቅሁት።

«ውይ! ምን ሆነሽ ነው?»

«ዓይኔ...» አልኩና ሳቅ አፈነኝ። ሁሉንም ዘከዘክሁለት። ፊቱ ቀላ። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ።

«እና... እኔ "ወዬ" ያልኩት ለብጉንጅ ነው?»

«አዎ።»

ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጦ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ስንቴ ጽፌ እንዳጠፋኋት ብታውቂ! በቃ፣ መልሼ ልውሰዳት?»

«አትወስዳትም!»

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12
ብጉንጁ የለም። ቢሮ ነኝ። ጌድዮን ከጎኔ አንገቱን ደፍቶ ይሠራል። ስልኬን አወጣሁ። ጣቴ ደረቅ፣ ሁለቱም ዓይኖቼ ደህና። ጻፍኩ፣ ሁለቴ አነበብኩ፣ ላክሁ።

«ዓይኔ»

ስልኩን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ በድምፁ፣ ቢሮው ሁሉ እየሰማ፦ «ወዬ!»