አሥራ ዘጠኝ ሰዓት በሪያድ

ሰኞ፣ ጥር 5

ከኮልፌ ጦር ኃይሎች ሰፈር ለመድረስ አንድ ሰዓት። ታክሲው ውስጥ ሦስት ሰው የሚቀመጥበት ላይ አራት ሆነን፣ ረዳቱ አሁንም “ጠጋ ጠጋ በሉ!” ይላል። የት እንጠጋ?

ቢሮ ስገባ ጋሽ ዱባለ ቀድመውኛል። ኮታቸውን ሳያወልቁ ስልካቸውን ዘረጉልኝ።

“ሀይፋ፣ ነይ ይቺን እዪ። ሪሻ ኤር ስድስት አዲስ መስመር ከፈተ። መንገደኛው ካምናው በሩብ ጨምሯል!”

እንዲህ ሲሉ ለሰማ አየር መንገዱ የሳቸው ይመስላል። እኛ እኮ ትኬት ሻጮች ነን። ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ የሚንተባተብ ፕሪንተር፣ አንድ አለቃ፣ አንድ እኔ።

ግን ለራሴ ምን ልዋሽ፣ እኔም ሪሻን እወደዋለሁ። ውሃ በገንዘብ ይሸጣል፣ ወንበሩ አይንጋለልም፣ ሻንጣ በግራም ይቆጥራል... ቢሆንም ከሳዑዲዋ ደማም አዲስ አበባ ቀጥታ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በሌሎቹ ግማሽ ዋጋ። ስንት ዓረብ ቤት የቀረች ልጅ በሱ አገሯን አየች። አልፊያም በሱ ነው የምትመጣው። የካቲት 6፣ ሐሙስ። ጠዋት ከደማም ተነሥታ ሰባት ሰዓት ላይ ቦሌ። ራሴ ነኝ የቆረጥኩላት። እህቴን ካየኋት ሰባት ዓመት።

አባባን ከኩላሊት እጥበት አመጣሁት። ደረጃው ላይ አረፍ አለና ጠየቀኝ።

“ስንት ቀን ቀረ?”

“ሠላሳ አንድ።”

“ቅርብ ነው እንግዲህ” አለ። ሠላሳ አንድ ቀን ለሱ ቅርብ ነው እንዴ? አልጠየቅኩትም።

ዓርብ፣ ጥር 9

እጥበት። ሲያስነሡት ደገፍኩት። እንዴት እንዲህ ቀለለ?

ማክሰኞ፣ ጥር 13

ከሪሻ የሰዓት ለውጥ ዝርዝር መጣ። ርእሱ “አብረን እያደግን ነው” ይላል፤ ከላይ የሚስቁ ሆስተሶች ፎቶ። የኛ መንገደኞች ሠላሳ ስምንት ናቸው። ሁሌ እንዲህ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ወደፊት፣ አርባ ደቂቃ ወደኋላ። ደንቡ እያንዳንዱን ሰው ደውለሽ አስማሚ ይላል። ማን ይደውላል? ማዳም ፊት ቆማ የምትሠራ ልጅ ስልክ መቼ ታነሣለች? ታች “ሁሉንም ተቀበል” የሚል ቁልፍ አለ። በዚህ ሙያ ያለ ሁሉ እሱን ነው የሚጫነው።

“እስከ ስድስት ሰዓት ካልመለስን ደረጃችን ይወርዳል” አሉ ጋሽ ዱባለ። “ምን ትጠብቂያለሽ?”

ተጫንኩት። ከዚያ ሻይ አዘዝኩ። ከሰዓት ሥራ ቀዝቃዛ ነበር።

ዓርብ፣ ጥር 16

አልፊያ በድምፅ ላከችልኝ። “ሀይፍዬ፣ በስልኬ መልእክት መጣልኝ... ሪያድ ትራንዚት፣ አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ይላል። ተሳስተው ነው አይደል?”

 ከዝርዝሩ ጋር የመጣውን ደብዳቤ ከፍቼ አሁን ነው ያነበብኩት። አሁን! ከጥር 25 ጀምሮ የደማም ቀጥታ በረራ ቀርቷል። ሁሉም በሪያድ በኩል። ያልተስማማ መንገደኛ በሦስት ቀን ውስጥ ካሳወቀ፣ ከጥር 25 በፊት ባለው ቀጥታ በረራ በነፃ ይዛወራል፣ ወይ ገንዘቡ ይመለሳል። የአልፊያ ስም ሃያ ስድስተኛው ላይ ነው። ስሟ፣ የአባባ ስም፣ የአያታችን ስም። እኔ አላየሁትም።

የሪሻ የስልክ መስመር ላይ አርባ ደቂቃ ሙዚቃ አሰሙኝ። በመጨረሻ አማርኛ የሚችል ልጅ ተገኘ።

“እመቤቴ፣ ወኪልዎ ለውጡን ተቀብሏል።”

“ወኪሉ እኔ ነኝ!”

“እንግዲያው እርስዎ ተቀብለዋል ማለት ነው።”

 ትክክል ነው እኮ።

ለአልፊያ “ራሳቸው ናቸው የለወጡት፣ ምንም ማድረግ አይቻልም” ብዬ ላክሁላት። “ማዳም ከፈለግሽ ቀደም ብለሽ ሂጂ ብላኝ ነበር” አለችኝ። “ቀደም ያለ የለም ወይ?” የለም አልኳት።

ቅዳሜ፣ ጥር 17

የለም ያልኩትን ዛሬ ፈለግሁት። የቀሩት ቀጥታ በረራዎች ሞልተዋል፤ በጊዜ ተደውሎላቸው እምቢ ያሉ ሰዎች ይዘውታል። የሚደውል ወኪልም አለ ማለት ነው። በሌላ አየር መንገድ ለየካቲት 6 አይደለም ለዚያ ሳምንት ወንበር የለም፤ ረመዳን ሊገባ ነው፣ ሰዉ ሁሉ ወዳገሩ ነው። ተበድሬም ብከፍል የት ላስቀምጣት?

ጋሽ ዱባለ ቀጥታው ለምን እንደቀረ አጣርተው ነገሩኝ። ባዶ ሆኖ አይደለም፣ ጢም ብሎ ነው የሚበረው። አውሮፕላኑን ለአንድ የሽርሽር ደሴት ፈልገውት ነው። እዚያ አንዱ ወንበር የኛ ሴቶች ከሚከፍሉት ሦስት እጥፍ ያወጣል።

“ንግድ ነው እንግዲህ” አሉኝ። “አንድ ቀን ብትዘገይ ምን ትሆናለች?”

እኔም ለራሴ ይህንኑ ስል ነው የዋልኩት። አንድ ቀን ነው። አንድ ቀን ምንድን ነው?

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ሪሻ ወኪሎቹን ሆቴል ጠርቶ ምሳ አበላ። አንድ ከረባት ያሰረ ጎረምሳ መድረክ ላይ ወጥቶ በቀስት ያሳያል። መንገደኛው ሽቅብ፣ ትርፉ ሽቅብ፣ ባዶ ወንበር ቁልቁል። ደማምን አልጠራትም። ስድስቱን አዲስ መስመሮች ሲጠራ አዳራሹ አጨበጨበ።

ከዚያ ሽልማት። “ለውጦችን በፍጥነት በማስተናገድ፣ የዓመቱ ፈጣን ወኪል...” ጋሽ ዱባለ ተነሥተው፣ “ነይ እንጂ፣ ያንቺ እኮ ነው” ብለው ክንዴን ሳቡኝ። ወጣሁ። አዎ፣ ወጣሁ! የመስታወት ሽልማቱን በሁለት እጄ ይዤ፣ ጥርሴን አሳይቼ ፎቶ ተነሣሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ታክሲ ውስጥ ደሜ ፈላ። በነሱ ነው የፈላው? በኔ?

ሰኞ፣ የካቲት 3

ሐኪሙ ከአባባ ደበቅ አድርጎ ወደ ኮሪደር አወጣኝ። ልቡ እጥበቱን እየቻለው አይደለም። “ዘመድ ካለ ይምጣ” አለኝ። ሐሙስ ትነሣለች አልኩት። 

አባባ መኪና ውስጥ፦ “ሐሙስ ናት አይደል?”

“ዓርብ፣ አባባ። ዓርብ ከሰዓት።”

“ሐሙስ ነበር ያልሽኝ።”

“ለወጡት።”

“ማን?”

“አየር መንገዱ።”

“ምን አስቸኮላቸው” አለ። ማዘግየታቸው ነው አባባ፣ ልለው ነበር። ተውኩት።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ሰባት ሰዓት ላይ ከስክሪኑ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። አሁን ነበር ቦሌ የምትወርደው። አሁን ነበር ሻንጣ የምትጠብቀው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮልፌ፣ አባባ አልጋ አጠገብ ትሆን ነበር።

አመሻሽ ላይ ከሪያድ ደወለች። ወንበሮቹ መሀል መሀላቸው ብረት ስላለው መጋደም አይቻልም፣ ወለል ላይ ናት። ለአባባ ጋቢ የሚያህል ብርድ ልብስ ይዛለታለች። “አገናኚኝ” አለች። ስልኩን ጆሮው ላይ ያዝኩለት። ዓይኑን ሳይገልጥ “ደረስሽ?” አላት።

“ደረስኩ አባባ፣ ነገ አጠገብህ ነኝ።”

“በርቺ” አላት።

ዓርብ፣ የካቲት 7

አባባ ሞተ። ከፈጅር ሶላት በኋላ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

እሑድ፣ የካቲት 9

ልጽፈው። ሳልጽፈው እንቅልፍ የለም።

አጎቴ ሙሐዲን አንድ ሰዓት ሳይሞላ መጡ። አጠናው፣ ድንኳኑ፣ ከፈኑ... የኮልፌ ሰው ለሞት ሲሆን አይዘገይም። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ይቀበራል ተባለ።

“አልፊያ እኮ ዐሥር ሰዓት ላይ ትገባለች” አልኳቸው። “አጎቴ፣ ትንሽ ይቆይ። ፊቱን ትየው። በአላህ።”

ወደ ሽማግሌዎቹ ሄደው ተመለሱ። ዓይናቸው ቀልቷል። “ልጄ፣ ጀናዛ አይቆይም። ማፋጠኑ ነው ሱናው። እሷም ሙስሊም ናት፣ ይገባታል።”

ጠዋት ደውላ “እንዴት አደረ?” ስትለኝ፣ “ተኝቷል” አልኳት። በስልክ መርዶ አይነገርም፤ መንገድ ላይ ላለ ሰው ደግሞ እንዴት ይነገራል? ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ “አውሮፕላን ልገባ ተሰለፍኩ!” ብላ ጻፈችልኝ፤ የምትስቅ ፊት ጨምራ። እኔ ያኔ በራችን ላይ ነኝ። ወንዶቹ “ላ ኢላሀ ኢለላህ” እያሉ ተሸክመውት ወደ መስጊድ ሲወርዱ ጀርባቸውን አያለሁ።

ቦሌ አጎቴና እኔ ሄድን። ብርድ ልብሱን ታቅፋ ወጣች። እኔን አየች፣ አጎቴን አየች። አባባ በሕይወት ቢኖር እሳቸው ቤት ትተውት እንደማይመጡ ገባት።  “ቀበራችሁት?” ብቻ አለች።

 አጎቴ መለሱላት።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ለቅሶ ደራሽ አልቆመም። ዛሬ አልፊያ በሴቶቹ መሀል ተቀምጣ እጄን ያዘች። “የአባባን ሕመም ብቻዋን የተሸከመችው ሀይፋ ናት” አለቻቸው። “ትኬቴንም የቆረጠችልኝ እሷ ናት። እሷ ባትኖር ከነጭራሹም አልመጣም ነበር። ዱዓ አድርጉላት።”

“አሚን፣ አላህ ይስጥሽ!” እያሉ መረቁኝ።  ብዙ ነገር መቻል እችላለሁ፣ ይሄን ግን አልቻልኩም።

ሰዉ ሲወጣ ኩባያ ስናጥብ ነገርኳት። ሁሉንም። ደብዳቤውን፣ ሠላሳ ስምንቱን ሰው፣ ሦስቱን ቀን፣ መስታወቱን ሽልማት ሳይቀር። ውሃውን ሳትዘጋ ሰማችኝ።

“ስሜን አይተሽ ነው?”

“ወላሂ አላየሁም። ዝርዝሩን አልከፈትኩትም።”

“አልከፈትሽውም።”

“ሁሌ የደቂቃ ለውጥ ስለሆነ...”

“አይተሽው ቢሆን ይሻለኝ ነበር” አለች። “ጠልታኝ ነው ብዬ አለቅስ ነበር። ይሄንን አሁን ምን ብዬ ላልቅሰው?”

ኩባያዎቹን ጨረሰች። አንድም አልሰበረችም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

አንድ አልጋ ላይ ነው የምንተኛው። ፊቷ ወደ ግድግዳው ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ወደ ሥራ ተመለስኩ። ጋሽ ዱባለ ነፍስ ይማር ብለው፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የሪሻን ዜና ነገሩኝ። ትርፉ በእጥፍ አድጓል። መስታወቱን ከጠረጴዛዬ በላይ ሰቅለውልኛል፤ ፎቶዬም አብሮ።

የሠላሳ ስምንቱን ዝርዝር አውጥቼ አነበብኩት። ዛሬ ጊዜ አገኘሁ አይደል? አንዷ ሃያ ዓመቷ ነው። አንዷ የሦስት ወር ሕፃን ይዛ ነው የምትሳፈረው። አሥራ ዘጠኝ ሰዓት በሕፃን... ለዚያችኛዋ ደወልኩ። አላነሣችም። የተጓዘችበትን ቀን አየሁ፤ የካቲት 13። አልፏል።

መስታወቱን አወረድኩት። ጋሽ ዱባለ “ምን ነካሽ?” አሉኝ።

“ስንት ሰው እዚያ ወለል ላይ እንዳደረ ያውቃሉ?”

“እኔ ነኝ እንዴ አውሮፕላኑን የቀየርኩት? ከዚያ ወዲህ መስመሩ ሰው አጣ ብለሻል? ርካሽ እስከሆነ ድረስ ይሳፈራሉ!”

አዎ። ይሳፈራሉ። ጠዋት ሦስት ሸጫለሁ፤ ሦስቱም በሪያድ።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

ጾም ነው። ምሳ የለም፣ ሰው የለም፣ ቢሮው ጭር ብሏል። ፊት ለፊት ካለው ትኬት ቢሮ የምትሠራው ፀሎት አንገቷን አስገባች። ቅር እያላት ነው የመጣችው፣ ያስታውቃል።

“ሀይፋ፣ ከሌላ ሰው ብትሰሚው ደስ አይለኝም። እህትሽ ትናንት እኔ ጋ መጣች።”

“ምን ፈልጋ?”

“መመለሻ ትኬት። ሀይፋ እያለች ብዬ ጠይቄያታለሁ፣ ሙች። ‘አንቺ ቁረጪልኝ’ ነው ያለችኝ። በሌላው አየር መንገድ፣ በውዱ።”

እሺ አልኳት። 

ፀሎት አልሄደችም። በሩን ይዛ ቆመች።

“ሌላ አለ?”

“ፎርሙ ላይ... ለውጥ ቢኖር ለማን ይደወል የሚለው ላይ፣ ያንቺን ቁጥር በቃሌ ስለማውቀው ልጽፍ ስል እጄን ያዘችኝ። ‘ለሷ አይደለም’ አለችኝ። ‘ለኔ ብቻ። ካላነሣሁ ደጋግማችሁ ደውሉ።’”

አመስግኜ ሸኘኋት።

ማታ ለፍጡር፣ ለጾም መፍቻው፣ ቤት ገባሁ። አልፊያ ቴምሩንና ሾርባውን አቅርባ ነበር። ለኔም ቀድታለች። በላን። አመሰገንኳት፣ “ብይ” አለችኝ። ሻንጣዋ ከአልጋው ሥር ወጥቶ ግድግዳው ጋ ቆሟል።

የምትሄድበትን ቀን አላውቅም። የሌላ ቢሮ ትኬት በኔ ሲስተም አይታይም። ፀሎትን ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር፣ አልጠየቅኳትም። አልፊያንም አልጠየቅኳትም።